ሁዳዴ ያስቆመውን ፋሲካ ለምን ይመልሰዋል? ዘፈን፣ ሐራራና የክርስቲያን ትግል

(በገብር ኄር ሰንበት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ለወጣቶችና ለወላጆች ጉባኤ የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

አባቶቻችን ካህናት፣ እናቶቻችን፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። በሩ ላይ የቆማችሁ ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ወንበር አለ፣ ብርዱም እዚህ ይሻላል።

ዛሬ ገብር ኄር ነው። ከዛሬ እስከ ፋሲካ 21 ቀን ቀረን። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከአንኮበር እስከ መሐል ሜዳ፣ ከዚህ ከከተማችን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ሁዳዴ ሲገባ አረቄውን ወይም ጫቱን የሚያስቀምጥ ሰው ስንት ነው? ብዙ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን። 55 ቀን ይችላል። ያው ሰው በዳግም ትንሣኤ ሳምንት የት ነው? ይህንም ሁላችንም እናውቃለን። 55 ቀን የቻለ ሰው 56ኛውን ቀን እንዴት አቃተው? ፈቃዱ በአንድ ሌሊት አለቀ? እምነቱ የውሸት ነበር? አይደለም። ወገኖቼ፣ አይደለም!

ሁዳዴ ሲገባ ከሥጋና ከወተት ጋር የሚቀመጥ ሌላ ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያን ከበሮውና ጸናጽሉ ይቀመጣሉ። በሬዲዮ የሚሰማው በገና ነው። ሠርግ የለም። ግሮሰሪው ቢከፈትም ስፒከሩ ዝቅ ይላል። አብሮ የሚጠጣው ጓደኛም ይጾማል። ሰውዬው የጾመው ብቻውን አልነበረም፤ በዙሪያው ያለው ድምፅም አብሮት ጾሟል። የፋሲካ ሌሊት ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመለሳል። መለኪያውም፣ ጓደኛውም፣ ዘፈኑም። በዚያ ላይ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ለ50 ቀን የረቡዕና የዓርብ ጾም እንኳ የለም። ልጓሙ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይወልቃል።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ድምፅ ነው። በመጀመሪያ ዘፈን ሐራራን፣ ያንን የሱስ አምሮት፣ እንዴት እንደሚቀሰቅስ፣ ቀጥሎ ምን እንደምናደርግ፣ በመጨረሻም ብዙ ጊዜ የት ላይ እንደምንሳሳት። ሁለተኛው ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ከዚያ በፊት፣ ዓይናችሁ ውስጥ ያለችውን ጥያቄ አይቻታለሁ። «ዘፈን ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» ይህን ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉልኝ። እኔ የማሳያችሁ ሁለት ጥቅስ ነው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 11 እና 12 ላይ በማለዳ ተነሥተው ስካርን ለሚከተሉ ወዮላቸው ይላል፤ በግብዣቸውም ላይ ከወይን ጠጁ ጋር መሰንቆና በገና አለ። አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 ቁጥር 23 ላይ ደግሞ ዳዊት በገና ሲመታ ሳኦል ያርፍ ነበር፣ ክፉው መንፈስም ይርቀው ነበር። አያችሁ? በገና እዚህም አለ፣ በገና እዚያም አለ። አንዱ ጋ ከስካር ጋር ታስሯል፣ አንዱ ጋ ከዕረፍት ጋር። ከሱስ ጋር ለሚታገል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ድምፅ በእኔ ሕይወት ከምን ጋር ታስሯል?» የሚለው ነው። የኤፌሶንን መልእክት 5፥18ንም አስታውሱ። በወይን ጠጅ አትስከሩ ካለ በኋላ፣ በሚቀጥለው ቁጥር ያመጣው መዝሙርንና ዝማሬን ነው። ሐዋርያው ስካርንና ድምፅን ጎን ለጎን ያስቀመጠው በከንቱ አይመስለኝም።

እሺ፣ ወደ አንደኛው።

ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾች ላይ ያሳየውን ተማሪዎች ታውቁታላችሁ። ምግብ በቀረበ ቁጥር አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ይህ ሲደጋገም ምግቡ ባይኖርም ድምፁ ብቻውን የውሻውን ምራቅ ያመጣል። አሁን ይህን ወደ በርጫ እናምጣው። እንበል አንድ ወጣት አራት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ይቅማል። ጫቱ ሲቀነጠስ ለስለስ ያለ ዘፈን ይከፈታል። ምርቃናው ሲገባ ትዝታ ይመጣል። ማታ ለጨብሲ፣ ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር፣ ሲወጣ ደግሞ ሞቅ ያለው፣ ትከሻ የሚያስመታው። እያንዳንዱ ዘፈን ሰዓት አለው፤ እያንዳንዱ ዘፈን ሥራ አለው። ይህ ወጣት ካቆመ ከሁለት ወር በኋላ በሚኒባስ ተሳፍሮ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ሾፌሩ ያንን የ8 ሰዓት ዘፈን ይከፍተዋል። ልጁ ስለ ጫት አላሰበም። ግን አፉ ምራቅ ይሞላል፣ እግሩ ይቁነጠነጣል፣ ሐራራው ይመጣል።

ከዚያ ምን ይላል? «ይኸው፣ አልተውኩትም ማለት ነው። ጸሎቴም ከንቱ ነበር።» ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቀጥታ ወደ ጫት ቤት። ልብ በሉ፤ የጣለው ዘፈኑ ብቻ አይደለም፤ ለዘፈኑ የሰጠው ትርጉም ነው። ምራቅ መምጣቱ ውድቀት አይደለም። ጆሮ የቆየ ትዝታውን አወጣ፣ በቃ። ፈተና መጣ እንጂ ሰውዬው ገና አልወደቀም።

ሌላ አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2011 በካናዳ ሞንትሪያል የተደረገ ጥናት፣ ሰው የሚወደውን ሙዚቃ ሲሰማ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር አንጎሉ ውስጥ እንደሚለቀቅ አሳይቷል። የሚለቀቀውም የዘፈኑ ጣፋጭ ቦታ ሲደርስ ብቻ አይደለም፤ ሰውዬው ያንን ቦታ እየጠበቀ ሳለም ጭምር ነው። ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? «አዝማቹ ሲደርስ እዘጋዋለሁ» የሚል ሰው ዘግይቷል ማለት ነው። የመሰንቆዋ የመጀመሪያ ምት፣ የክራሩ መግቢያ፣ ሥራው የሚጀመረው እዚያ ነው። የሚዘጋም እዚያው ላይ ይዝጋ።

የግጥሙ ነገር አለ፤ መጠጣትን ወንድነት የሚያደርግ፣ ፍቅር ላጣ ሰው ከብርጭቆ ሌላ ወዳጅ የለውም የሚል። ይህን ብዙ ሰባክያን ስለሚናገሩት አልፈዋለሁ። ከግጥሙ ይልቅ የሚከብደኝ የስሜቱ መንገድ ነው። ትዝታ የሞተን ሰው፣ የሄደችን ልጅ ያመጣል፤ ያዘነ ሰው ደግሞ ኀዘኑን የሚያደነዝዝበት የለመደው አንድ ነገር አለው። ስለዚህ ስለ መጠጥ አንዲት ቃል የሌለባት ዘፈን መጠጥ ቤት ልታደርስ ትችላለች። «ግጥሙ ንጹሕ ነው» ማለት ለሚታገል ሰው በቂ መለኪያ አይደለም።

አካባቢ ምን ያህል እንደሚሠራ ለመረዳት የአሜሪካ ወታደሮችን ታሪክ ልጥቀስ። በቬትናም ጦርነት ከወታደሮቹ ብዙዎች የሄሮይን ሱሰኛ ሆነው ነበር። ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ አገራቸው ከገቡ በኋላ ስትከታተላቸው፣ እዚያ ሱሰኛ ከነበሩት መካከል በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሰፈሩ፣ ጓደኛው፣ ሽታው፣ ድምፁ ቬትናም ቀርቶ ነበር። የእኛ ልጅ ግን ቬትናም አይሄድም። የቃመበት ሰፈር ያደገበት ሰፈር ነው። ሁዳዴ ለ55 ቀን ሰፈሩን ይለውጥለታል፤ ከዚያ ሰፈሩ ይመለሳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ ደብተር። ለሰባት ቀን። ሐራራ በመጣ ቁጥር አምስት ነገር ትጽፋላችሁ፦ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ይሰማ የነበረውን ድምፅ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ስሜት (ርሃብ ነው? ንዴት? ብቸኝነት? ድካም?)፣ የሐራራውን ኃይል ከ0 እስከ 10። ከ20 ደቂቃ በኋላ ኃይሉን ድጋሚ ትጽፋላችሁ። ይህችን ሁለተኛዋን ቁጥር አደራ እንዳትተዉ! ምክንያቱም 8 የነበረው 3 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሐራራ ማዕበል ነው፤ ካልመገቡት አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይወርዳል። ይህን ከእኔ መስማት ሌላ፣ በራስ እጅ ጽፎ ማየት ሌላ ነው።

ከሰባት ቀን በኋላ ዘፈኖቹን በሦስት ትከፍሏቸዋላችሁ። እንደ ምድጃችን አስቡት፤ የሚነድ፣ የሚጨስ፣ አመድ የሆነ። የሚነደው በሰማችሁት ቁጥር ከ6 በላይ የሚያስጽፋችሁ ነው። የሚጨሰው አንዳንዴ፣ ስትራቡ ወይም ስትናደዱ ብቻ የሚያስቸግር ነው። አመድ የሆነው ምንም የማያደርጋችሁ ነው። የእናንተ ዝርዝር ከጓደኛችሁ ዝርዝር ጋር አይገጥምም። ለአንዱ የሚነደው ለሌላው አመድ ነው። ስለዚህ «ይህ ዘፈን ይጎዳል ወይ?» ብላችሁ ሌላ ሰው አትጠይቁ፤ ደብተራችሁን ጠይቁ።

ቀጥሎ ስልኩ። የሚነደውን ከስልኩም ከሚሞሪ ካርዱም አጥፉ። ዘፈን የሚለቅባችሁን የቴሌግራም ቻናል ውጡበት። ዩቲዩብ የሚያቀርብላችሁ ቀድሞ ያያችሁትን ተከትሎ ነው፤ ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የታየውን ታሪክ በሙሉ አጥፉ፣ ታሪክ መመዝገቡንም አቁሙ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን በራሱ የሚያስከትለውንም ዝጉት። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ቪዲዮውን ተጭናችሁ ያዙትና አልፈልግም የሚለውን ምረጡ፤ አንድ ጊዜ አይበቃም፣ ለሳምንት ደጋግሙት። የስልክ ጥሪያችሁንም አትርሱ፤ በቀን ሃያ ጊዜ የሚጮኸው እሱ ነው። ይህን ሁሉ በጠዋት፣ ጠግባችሁ፣ ከአንድ ወንድም ወይም እህት ጋር ሆናችሁ አድርጉት። በእኩለ ሌሊት ብቻውን ዘፈን ሊያጠፋ የተቀመጠ ሰው «ለመጨረሻ ጊዜ ልስማት» ይላል፤ እስኪነጋ ይሰማል።

ሳታስቡት ሲመጣባችሁስ? ሚኒባስ ውስጥ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ከጎረቤት? የሚቻል ከሆነ ከቦታው ውጡ። ሾፌሩን «ወንድሜ፣ ትንሽ ዝቅ አድርግልን» ብላችሁ በትሕትና ለምኑት፤ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። መውጣት ካልተቻለ አፍ ይሥራ። ጮክ ብሎ ማንበብ ባይመች ከንፈርን እያንቀሳቀሱ አቡነ ዘበሰማያት፣ ወይም ቃል በቃል የምታውቁትን የዳዊት መዝሙር። ለምን አፍ? ውስጣችን የሚዞረው ዘፈን ለመዞር ውስጣዊ ድምፃችንን ይጠቀማል፤ ያንን ድምፅ በሌላ ቃል ስንይዝበት ቦታ ያጣል። እንግሊዝ አገር በሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ማስቲካ ማኘክ እንኳ ጭንቅላት ውስጥ የሚዞርን ዜማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገር ግን፣ እዚህ ላይ ሳቃችሁን አያለሁ፣ ጫት ለተወ ሰው ማስቲካ አልመክርም። ጉንጭ ራሱ ያስታውሳል። ለእሱ ጸሎቱ ይሻለዋል፤ ውኃና የገብስ ቆሎም ይሆናል። ቆሎውን ከጫት ጋር ይበላ ከነበረ ግን እሱም ይቅር።

አሁን ስለ መተኪያው። መዝሙርን የእሳት አደጋ መኪና አናድርገው። ሐራራው 9 ሲደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ መዝሙር የሚከፍት ሰው፣ እሳት ከተነሣ በኋላ ጉድጓድ እንደሚቆፍር ነው። ስድስት መዝሙር ምረጡ፤ ከዚያ አይብዛ። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ልባችሁ በተረጋጋበት ጊዜ፣ ለምሳሌ ከማታ ጸሎት በኋላ፣ ዘምሯቸው። ስሟቸው አላልኩም፤ ዘምሯቸው። ያ ድምፅ ከዕረፍት ጋር ይታሰር። ከዚያ በኋላ በክፉ ቀን ስትጠሩት ዕረፍቱን ይዞ ይመጣል።

ቅደም ተከተልም አለው። ምሳሌ 25፥20 ለሚያዝን ልብ መዘመርን በብርድ ቀን ልብስ ከመግፈፍ ጋር ያመሳስለዋል። ደብረ ብርሃን ለተቀመጠ ሰው ይህ ጥቅስ ትርጓሜ አያስፈልገውም! ዱካክ ይዞት፣ ሌሊቱን ሲቃዥ አድሮ የተነሣን ልጅ ከበሮና እልልታ አትጩኹበት። ካለበት ጀምሩ። ለአሥር ደቂቃ ያህል በገና፣ ወይም ለዘብ ያለ የንስሐ መዝሙር፤ ቀጥሎ መካከለኛ፤ ሞቅ ያለው መጨረሻ ላይ። በጠቅላላው ግማሽ ሰዓት። በሙዚቃ የሚያክሙ ባለሙያዎችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ስሜቱን የሚመስል ድምፅ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ማንሣት።

በገና መማር የሚችል ይማር። 10 አውታር አለው፣ ያ እንዝርዝር የሚለው ድምፁ ደረትን ይነካል፣ ቁጭ ያስብላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እጅ ይይዛል። ጫት ሲቀነጥስ የኖረ እጅ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ሥራ ይፈልጋል።

ሦስተኛው፣ ስሕተቶቻችን።

መዝሙር እየሰማ የሚቅም ሰው አለ። ከዘፈን ወጥቷል፣ ከጫቱ አልወጣም። ውጤቱ ምንድን ነው? መዝሙሩም የ8 ሰዓት ሆነ። ካቆመ በኋላ ያ መዝሙር ራሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሐራራ ያመጣበታል፤ ያን ጊዜ ግራ ይገባዋል። እንዲህ ያለ መዝሙር ካላችሁ ያለ ኀፍረት ከሚነደው ተርታ አስገቡት። ለዘላለም አይደለም፤ ለጊዜው።

ሌላው «ልሞክረው» ነው። ሦስት ወር ያቆመ ሰው፣ መዳኑን ለመፈተን የድሮ ቦታው ሄዶ የድሮ ዘፈኑን ይሰማል። ቤቱ ሆኖ ሲሰማው ምንም አላደረገውም ነበርና ተማምኗል። ግን ቤት ውስጥ የሞተው ትስስር ግሮሰሪው ውስጥ ገና ሕያው ነው። አንድ ቦታ ላይ የለመድነው መርጋት ወደ ሌላው ቦታ በራሱ አይሄድም።

ወላጆች፣ እናንተን ደግሞ ልለምናችሁ። የልጁን ስልክ አትስበሩ። ስፒከሩን መሬት ላይ ያፈረጠ አባት ልጁን ወደ ጓደኛው ስፒከር ነው የላከው። ደብተሩንም ሳያስፈቅዱ አያንብቡ፤ የተነበበ ደብተር ከነገ ጀምሮ ውሸት ይጻፍበታል።

እና ይህን በጣም ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። በየቀኑ፣ ከጠዋት ጀምሮ አረቄ የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቁርጥ አድርጎ እንዲያቆም በመዝሙርና በምክር ብቻ አትግፉት። የመጨረሻውን መለኪያ ከጠጣ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምረዋል፤ በሁለት ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ድረስ ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ሰው አለመለየት ሊመጣ ይችላል። ይህ ይገድላል። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ወስዳችሁ በመድኃኒት እየተረዳ ይቁም፤ ጠበሉም ጸሎቱም አብሮ ይሂድ፣ ማን ከለከለ? የጫት እንዲህ አይገድልም፤ ድካም፣ እንቅልፍ፣ ድብርትና ዱካክ ነው፤ በቀናት ይቀላል። «ለብርዱ ነው የምጠጣው» የምትሉም አላችሁ። አረቄ የቆዳን የደም ሥር ስለሚከፍት ሙቀት ይመስላል እንጂ ሙቀታችሁን ወደ ውጭ ነው የሚያወጣው። በሸማ መሐል ላይ ቀዳዳ እንደ መክፈት ነው።

አሁን ያቺን ቁጥር አምጡልኝ። 21 ቀን።

የመጀመሪያው ሳምንት፣ እስከ ኒቆዲሞስ፣ የደብተር ነው። በጾሙ ዘፈኑ ስላነሰ የሚጻፈው ሊያንስ ይችላል፤ በጭንቅላታችሁ የሚዞረውንም ጻፉ። ሁለተኛው ሳምንት፣ እስከ ሆሣዕና፣ የስልኩ ነው። ስድስቱን መዝሙር ግን ዛሬ ማታ ጀምሩ፤ ፋሲካ ሲደርስ ሦስት ሳምንት ይሞላቸዋል። ሰሙነ ሕማማት የዕቅድ ነው፤ ከአንድ ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ የፋሲካን ቀን በሰዓት ከፋፍሉት። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጡ ከማን ጋር ትሄዳላችሁ? ስትገድፉ እጃችሁ ላይ ምን አለ? አረቄ ሲቀርብ የምትመልሱት ቃል ምንድን ነው? «አልጠጣም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይበቃል፤ ረጅም ምክንያት የሚሰጥ ሰው ለክርክር በር ይከፍታል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ያለውን ባዶ ጊዜ ማን ጋ ታሳልፉታላችሁ?

የዳግም ትንሣኤ ሠርግ ያለባችሁ ደግሞ ለምሳ ሂዱ፣ ከስፒከሩ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ለስላሳውን ገና እንደገባችሁ ያዙ፤ ባዶ እጅ ብርሌ ይጠራል። መመለሻችሁን የራሳችሁ አድርጉ፤ በሌላ ሰው መኪና የሄደ ጭፈራው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሙሽሮቹን መርቃችሁ ሞቅ ከማለቱ በፊት ውጡ። ቅር የሚለው ዘመድ ቢኖር እኔ ሰኞ ስልክ ደውዬ አስታርቃችኋለሁ።

ደብተሮቹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አሉ። አምስቱ መስመር ተሰምሮበታል፤ ስም አይጻፍበትም። ለራሳችሁ አንድ፣ ሊመጣ ላልቻለ ሰው ደግሞ አንድ ውሰዱ። እስክሪብቶ ግን ከየቤታችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።